ጣት የማያህል አሸዋ

ከአገር የወጣሁ ዕለት ወደ ማታ አቃቂ በሰቃ ዝናብ ነበር። ልጄ ሄለን ሻንጣዬን ይዛ እስከ አስፋልቱ ስትሸኘኝ፣ ጫማዬ ላይ የተጣበቀውን ዋልካ ላራግፍ ጎንበስ ብል «ተይው እማዬ፣ እዚያ ይደርቃል» አለችኝ። እውነቷን ነው፤ ዖማን በረሃ የነዳጅ ፍለጋ ካምፕ ስደርስ አቧራ ሆኖ ረገፈ። ከዚያ ወዲህ ዝናብ አላየሁም።

ሥራዬ ቢሮ ማጽዳት ነው። ሱዳናዊው ኢንጂነር ዑስማን ጠረጴዛው ላይ ከነጠላ የሚረዝም ወረቀት ይዘረጋል። «ሎግ» ይለዋል፤ በገመድ ወደ ጉድጓዱ የወረደ መሣሪያ የለካውን በመስመር የሚያሳይ ነው። እኔ ከአምስተኛ ክፍል ያቋረጥኩ ሴት፣ እንዳላበላሽበት ዳር ዳሩን ነው የምወለውለው።

አንድ ጠዋት ፊቱ ጠቁሮ አገኘሁት።

«ሸክላ አፈርና ውሃ ብቻ ነው የሚያሳየው። ካምፑ ሊዘጋ ነው፤ ሁላችሁም ወደ አገራችሁ።»

የእንጀራ ገመዴ ተበጠሰ ብዬ ደነገጥኩ፤ ልቤ ግን ተደብቆ ደስ አለው። ለሄለን ደውዬ «ለፋሲካ ቤት ነኝ» አልኳት። ምነው እዚያ ላይ ባቆምኩ!

ለዑስማን ሻይ ሳቀብል አባቴን አነሳሁበት። አባቴ አቃቂ የውሃ ጉድጓድ በእጁ ይቆፍር ነበር። ዋልካው አላልቅ ሲል ሌላው ትቶ ይወጣል፤ እሱ ግን አሳድሮት፣ ጠዋት ይወርድና ግድግዳውን በመዳፉ ይዳብሳል። በዋልካው መሃል ጣት የማያህል አሸዋ ውሃ ሲያነባ ያገኛል። ሰፈሩ የሚጠጣው ያንን ነበር።

ዑስማን ሳቀ። «የኛ መሣሪያ ዓይኑ ሰፊ ነው፤ ቀጭኑን አሸዋ ከላይና ከታች ካለው ሸክላ ጋር ደባልቆ ያነበዋል። ነዳጅ ቢይዝ እንኳ ሸክላ ይመስላል። አባትሽ ይምጡልን እስቲ!»

«አርፏል» አልኩት።

በሦስተኛው ቀን የጉድጓዱን ግድግዳ እየታከከ የሚያነብ ሌላ መሣሪያ አወረዱ። አዲሱ ወረቀት ላይ እንደ ቀሚስ ጥለት የተደረደሩ ቀጫጭን መስመሮች ወጡ፦ አሸዋ፣ ሸክላ፣ አሸዋ። ከአሸዋው ሲቀዳ ነዳጅ ሆነ። ኢንጂነሩ ቀድሞም አስቤው ነበር ብሎ ይምላል። እኔ ግን የምጠረጥረው የራሴን አፍ ነው።

ፓስፖርታችንን የሚይዘውን ሰውዬ «ለፋሲካ ልሂድ» ስለው፣ «ምን ሆነሻል? ሥራ አለ እኮ! ውልሽ ላይ ሁለት ዓመት ተጨመረ፣ እንኳን ደስ አለሽ» አለኝ።

ዓርብ ለሄለን ደወልኩ።

«እማዬ፣ ጭቃው እንዳይዝሽ እስከ በራችን ድንጋይ ደርድሬልሻለሁ» አለችኝ። ከኋላዋ ቆርቆሮው ይንጫጫል።

«እየዘነበ ነው እንዴ?»

«ኧረ በኃይለኛው!»

«እስቲ ስልኩን ወደ ደጅ አውጪልኝ» አልኳት። አወጣችልኝ። እሷ ስልኩን ዘርግታ ቆማ፣ እኔ የምነግራትን በአፌ ይዤ ዝናቡን አዳመጥኩ።