ፍየሏ ልትጠጣው የነበረው ናስ

ከናስ የሠራሁትን ወንዝ ፍየል ውሃ መስሏት አንገቷን ደፍታ ልሳዋለች። አውቃለሁ፣ ማንም አያምነኝም። ሚስቴ እንኳ ዓይኗ እያየ ነው የማታምነኝ።

አሶሳ ስመጣ ቢላና ማጭድ የሚቀጠቅጥ ሞልቷል። ናስ ላይ ውሃና ተራራ የሚያወጣ ግን ከእኔ በቀር አልነበረም። ማንም አላስተማረኝም። አስተማሪ ቢኖረኝማ እንዲህ ጎበዝ አልሆንም ነበር።

አንድ ቀን ጨርቅና ጨው ከሱዳን የሚያመጣ ጎረቤቴ ሴት ልጁን ሊድር ሆነ። የሙሽራው አገር ከሆሞሻ ማዶ፣ ሩቅ፣ ውሃ ከጉድጓድ በገመድ የሚጎተትበት በረሃ ነው። ልጅቷ ባሉን አልጠላችም። ያለቀሰችው ከሰፈራችን ሥር ለሚወርደው ወንዝ ነው፤ ከእሱ እየቀዳች ነው ያደገችው። አባትየው ለልብስ ሳጥኗ ክዳን የሚሆን ጠፍጣፋ ናስ ይዞ መጣና «ያ ኡስታ፣ ሳትሄድብን ወንዙን እዚህ ላይ አድርግላት» አለኝ። ኡስታ በእነሱ፣ በበርታዎቹ አነጋገር፣ ባለሙያ ማለት ነው። ሰውየው ሰው ያውቃል።

ውሃ መሥራት ግን ያናድዳል። ዛፍ ቆሞ ይጠብቅሃል፣ ተራራም የትም አይሄድም። ውሃ ግን ጎንበስ ብለህ ቀና እስክትል ሌላ ሆኗል። ናሱን ይዤ ወንዙ ዳር እቀመጣለሁ። ጠለቅ አድርጌ ስመታው የታረሰ ማሳ ይመስላል፣ ቀለል ሳደርገው ምንም አይታይም። ቅላቸውን ይዘው ሊቀዱ የሚመጡት የልጅቷ አክስቶች ደግሞ ቆመው ይፈርዱብኛል። አንዷ የማሽላ እርሻ ነው ወይ ትላለች፣ ሌላዋ የለም፣ እባብ ነው። ስንቴ ወንዙ ውስጥ ልወረውረው ተነስቻለሁ! የሰው ዕቃ ሆኖብኝ ነው የተውኩት።

በመጨረሻ በሹል ብረት እንደ ፀጉር የቀጠነ መስመር ጫርኩበት። የቀርከሃ ጥላሸት በሰሊጥ ዘይት ለወስኩና መስመሩ ውስጥ አሸሁት። ያኔ ወንዙ ተነሳ። ጥላ አለው፣ ጥልቀት አለው፣ ድንጋዩን ዞሮ ይሄዳል፤ የቀረው ድምፁ ብቻ ነው። ደጅ ሳስቀምጠው ፍየሏ መጥታ የላሰችው ይሄኔ ነው። ሚስቴ ዘይቱን ነው የላሰችው ትላለች። ቅናት ነው።

በሠርጉ ዋዜማ ጠዋት ናሱን ለአክስቶቹ ሰጥቼ ቤቴ ገባሁ። ከሰዓት በኋላ ምስጋናዬን ልቀበል ብሄድ፣ አክስቶቹ ናሱን ከበው፣ በአሸዋና በሎሚ ይፈትጉታል። እንደ ፀሐይ ያበራል። ወንዜ የለም።

ጮህኩ። ትልቋ አክስት አማርኛዋ የእኔን በርታኛ ነው የሚመስለው፣ ላቧን እየጠረገች «አንተ ቆሻሻ ነው ያመጣኸው» አለችኝ። «ጥላሸት ይዞ ሙሽራ አይወጣም። እኛ አጥቦ ሰጠ።» እጇ እስኪቀላ ፈትጋለች፤ እንዴት አድርጌ ልሳደብ? በነጋታው ልጅቷ ትሄዳለች፣ እንደገና የምሠራበት ጊዜ የለም።

ልጅቷ ጩኸቴን ሰምታ ከጓዳ ወጣች። ወንዝሽን አጠፉብሽ አልኳት። ውሃ እንደሚቀዳ ሰው ክዳኑ ላይ ጎንበስ አለች። የራሷ ፊት ታያት፣ ከሥሩም የቀረች ጭረት ካለች እንጃ። 

«ወንዙ ጠዋት እንዲህ ነው» አለች። «ማንም ሳይቀዳ።»

አባትየው ዓይኑን ጠራረገና ያ ኡስታ፣ እጅህ ይባረክ አለኝ። እኔ ምን አደረግኩ? ያን ያህል የደከምኩበት ወንዝ አሸዋ ውስጥ ቀርቷል፤ የተመሰገንኩት አክስቶቹ በሠሩት ነው! ልጅቷ ደስ ብሏት ሄደች፣ እኔ እስካሁን ስናደድ አለሁ።

ፍየሏን መጠየቅ አይቻልም፣ ለሠርጉ ታርዳለች። አክስቶቹ ግን አሉ፣ ጠዋት ጠዋት ከወንዙ አይጠፉም። ካላመናችሁኝ ሂዱና ያ ያጠባችሁት ቆሻሻ ምን ይመስል ነበር በሏቸው። ይፈስ ነበር ካላሏችሁ መዶሻዬን ውሰዱት።