ፒያኖው ውስጥ ያልነበረችው ድምፅ

ባለፈው ቅዳሜ ትንሿን ልጄን ፒያኖ ላስጀምር ደብረ ብርሃን ውስጥ አንድ ፎቅ ላይ ወጣሁ። ደረጃው ከጣርማ በር ዳገት አይተናነስም፤ እኔ ሦስተኛው ፎቅ ስደርስ ነፍሴ ገና ሁለተኛው ላይ ግድግዳ ተደግፋ ታርፍ ነበር። ልጄን አስተማሪዋ ተቀብላ አስገባቻትና እኔ ከሌሎቹ ወላጆች ጋር በር ላይ ቀረሁ። አንዷ እናት «በስንት ወር ትጨርሳለች?» ትላለች፣ ልጇ ሹራብ የምትሠራ ይመስል። አንዱ አባት ልጁ ለእህቱ ሠርግ እንዲደርስለት ይፈልጋል። ሌላው ደግሞ ፒያኖ የሒሳብ ውጤት ከፍ ያደርጋል ብለውት ነው የመጣው። እኔም «የእኔዋ እንኳ የምትማረው ጎረቤቶቼ ቤት እንዲለቁልኝ ነው» ብዬ አሳቅኋቸው። ሳቁ ሳይበርድ ከውስጥ አንዱ ልጅ አንድ ቁልፍ ብቻ ደጋግሞ ሲመታ ሰማሁ። ዘነበች መጣችብኝ።

መንግሥት ከተለወጠ ጥቂት ዓመት ሆኖት ነበር። እኔ መሐል ሜዳ የአሥራ አንደኛ ክፍል ተማሪ ነበርኩ። ኤልያስ የሚባል ወጣት መምህር ከአዲስ አበባ ተመድቦ ሲመጣ፣ በአውቶቡስ ጭኑ ላይ አቅፎ ፒያኖ ይዞ መጣ። እኛ ፒያኖ እንበለው እንጂ ከሕፃን አልጋ የማይበልጥ ፕላስቲክ ነው። የባትሪ ድንጋይ አበላሉ ግን የጅብ ነበር። ድንጋዩ ሲደክም ዜማው ማዛጋት ይጀምራል፤ ያን ጊዜ ድንጋዮቹን አውጥተን ፀሐይ ላይ እንደ ብቅል እናሰጣቸዋለን። ትምህርቱ ቅዳሜ ከገበያ በኋላ፣ መምህሩ በተከራየው ክፍል ነው። የመሐል ሜዳ ብርድ እንኳን ጣት ሐሳብም ያደነዝዛል፤ ስለዚህ ከመጫወታችን በፊት እጃችንን ብብታችን ውስጥ ከትተን እናሟሙቃለን። ያየን ሰው ጸሎት ላይ ነን ይለናል።

የላኩን ቤተሰቦቻችን ግን ሙዚቃ የሚባል ነገር ከነጭራሹ አላሰቡም። አባቴ የወረዳው ጽሕፈት ቤት ዘበኛ ነበሩ፤ በሕይወታቸው የቀኑት በአንድ ሰው ብቻ ነው፣ በመሥሪያ ቤቱ ታይፒስት። ተቀምጣ፣ ዝናብ ሳይነካት፣ በጣቷ ብቻ እንጀራ ትበላለች። «እዚያ ሂድና ጣትህን አፍታታ» አሉኝ። «የጽሕፈት መኪናው ኋላ ይመጣል። ቁልፍ እንደሁ ቁልፍ ነው።» ጎረቤታችን እትዬ አስካለ ደግሞ ልጃቸውን ሲያመጡ፣ «እባክህ መምህር፣ እጁን ሥራ አስይዝልኝ፤ በከተማው መስኮት ያልሰበረው የፖሊስ ጣቢያውን ብቻ ነው» አሉ።

ዘነበችን የላካት የለም። መምህሩ የተከራየው የአባቷን የጋሽ ጌጡን ክፍል ስለነበር ትምህርቱን የሰማችው በግድግዳ በኩል ነው። አንድ ቅዳሜ የክፍሉን ቁልፍ ልትሰጠው ገባችና፣ እኔ ወር ሙሉ የታገልኩበትን ዜማ ቆማ፣ በአንድ እጇ፣ እንደ ቀልድ ተጫወተችው። ኤልያስ አፉን ከፍቶ ቀረ።

«ይቺ ልጅ ጆሮ አላት» አለ።

«የእኛስ ታዲያ ምንድን ነው?» አልኩት።

«የእናንተ የእንስራ ጆሮ ነው። ለማንጠልጠያ።»

ከዚያ ወዲህ ከእኛ ጋር ትማር ጀመር። ብዙም ሳይቆይ ኤልያስ አንድ ሐሳብ ያዘው፦ አዲስ አበባ ያለው የሙዚቃ ትምህርት ቤት በክረምት ተማሪ ስለሚፈትን ዘነበች ሄዳ ትፈተን። እሷ ይህን ከሰማች ጀምሮ እንቅልፍ አጣች። ስትሄድ የምትለብሰውን ሹራብ ሳይቀር አጥባ አስቀምጣ ነበር። የቀረው የጋሽ ጌጡ ፈቃድ ነው።

ጋሽ ጌጡ ደግሞ በቀላሉ እሺ የሚሉ ሰው አልነበሩም። በጾም በገና ይደረድራሉ። በእሳቸው ቤት በገና ጸሎት ነው፤ ከዚያ ውጭ ያለው ድምፅ ሁሉ ጫጫታ ነው። ብዙ ከተለመኑ በኋላ፣ በዐቢይ ጾም አንድ እሑድ ከቅዳሴ መልስ ወላጆቹን ሁሉ ከነልጆቻቸው ቤታቸው ጠሩ፤ ኤልያስም ፒያኖውን አቅፎ መጣ። የበልጉ ዝናብ ጣሪያውን ይወቅጠዋል። የገብስ ቆሎና የሱፍ ውኃ ቀረበ። ጋሽ ጌጡ በገናውን ከግድግዳ አወረዱና፣ ነጠላቸውን አጣፍተው፣ አንዲት አጭር ዜማ ደረደሩ። ቤቱ ውስጥ የንብ መንጋ የገባ ይመስል ነበር። ቆሎ የሚቆረጥም ሰው ጠፋ፤ እኔ እንኳ አፌ ውስጥ የነበረውን እንዲርስልኝ ጠበቅሁት።

ጨርሰው ወደ ልጃቸው ዞሩ።

«ዘነቡ፣ ይችን በዚያ ዕቃ አውጪልኝ። መጸለይ የሚችል ከሆነ ትሄጃለሽ። አውቶቡሱ ድረስ እኔው ራሴ ነኝ የምሸኝሽ።»

ዘነበች እጇን ከብብቷ አወጣችና ጀመረች። የመጀመሪያዎቹ ድምፆች ቁጭ የአባቷ ነበሩ። ድንገት ቆመች። አንዱን ነጭ ቁልፍ ነካች፣ ተወችው። አጠገቡ ያለውን ጥቁር ነካች፣ ፊቷ ኮምጣጣ የቀመሰች መሰለ። እንደገና ከመጀመሪያው ጀምራ እዚያው ቦታ ላይ ቆመች። ከዚያ እጇን ጭኗ ላይ አስቀመጠች።

«አይሆንም አባባ።»

«ምኑ?»

«ያቺ ድምፅ እዚህ ውስጥ የለችም።»

«በስመ አብ!» አሉ እትዬ አስካለ። «ይኼ ሁሉ ጥርስ ተደርድሮ አንዲት ድምፅ ታጣበት?»

አባቴ ዕድላቸው እንደበራ ቆጠሩት። «የኔ ልጅ ይሞክራት እስቲ። ጣቱ ተፍታቷል» አሉና ገፋ አደረጉኝ። ተቀመጥኩ። ዘነበች የተወችውን ጥቁሩን ቁልፍ መታሁና ያለ ምንም ችግር እስከ መጨረሻው ተጫወትኩት። እውነቴን ነው የምላችሁ፣ በእኔ ጆሮ ቁርጥ ያው ነበር። ቤቱ «እሰይ! እሰይ!» አለ። አባቴ የታይፒስቷ ወንበር ላይ ያስቀመጡኝ ያህል ተኮፈሱ።

ጋሽ ጌጡ ብቻ አላጨበጨቡም። «ልጄ እውነቷን ነው» አሉ ቀስ ብለው። «የለችበትም። ይኼኛው ልጅ የመታው ሌላ ነው። ታዲያ ለሌለ ነገር አዲስ አበባ ድረስ ምን ያስኬዳል?»

ኤልያስ ከመቀመጫው ተነሣ። «ጋሽ ጌጡ፣ እኮ እሱ ነው! ከሁለቱ ቁልፎች መሐል የምትወድቅ ድምፅ ናት፤ የለችም ብላ ማወቋ ነው ተሰጥኦው። ስንቱ ተማሪ ዓመት ለፍቶ አይሰማትም!»

«እኔም እኮ አውቄያታለሁ፣ መምህር» አሉት ሳይቆጡ። «እኔ አዲስ አበባ ሄድኩ?»

ኤልያስ ፒያኖውን አጥፍቶ ጭኑ ላይ አቀፈው። ዝናቡ ሲያባራ ሁሉም ቆሎውን በኪሱ እየሞላ ወጣ።

ኤልያስ በዓመቱ ተዛውሮ ሄደ። ዘነበችን ሞላሌ ለሚኖር የእህል ነጋዴ ዳሯት። እኔም ታይፒስት አልሆንኩም፤ ተራዬ ሳይደርስ ኮምፒውተር የሚባለው መጥቶ የጽሕፈት መኪናውን ከነወንበሩ ጠራርጎት ሄደ።

ከዘነበች ጋር የተገናኘነው ካቻምና ጋሽ ጌጡ አርፈው ለቅሶ ስሄድ ነው። ጸጉሯ ገብስማ ሆኗል። የእንግዳው ግር ግር ሲቀንስ አጠገቤ ተቀመጠች፤ በገናውን ወንድሟ ወስዶ ሳሎኑ ውስጥ እንደሰቀለው ነገረችኝ። ለመሣቅ ያህል ያችን እሑድ አነሣሁባት። አልሣቀችም።

«እኔ የምልሽ፣ ያቺን ድምፅ የት እንዳለች ታውቂያት ነበር?»

«ጉሮሮዬ ላይ ነበረቻ! አሁንም አለች።»

«ታዲያ አፍ አውጥተሽ ብታዜሚያት ምን ነበረበት? አባትሽ እኮ ያንቺን ሰምተው ቢሆን...»

«እዚህ ውስጥ አለች ወይ ተባልኩ፣ የለችም አልኩ። ታዲያ የት አለች ብሎ ማን ጠየቀኝ?» አለችኝና ነጠላዋን አስተካክላ ለገቡት ሰዎች ወንበር ልታቀርብ ተነሣች።

ከዚያ ወዲህ ያን ቤት ደጋግሜ አየዋለሁ። ጋሽ ጌጡ የልጃቸውን እውነት ሰምተዋል፤ ኤልያስም ሰምቷል። ሁላችንም ግን ዓይናችን ፕላስቲኩ ላይ ነበር፤ የሚጸልይ ይሁን የማይጸልይ እሱን ስንመረምር ያቺን ድምፅ የያዘችው ልጅ አጠገባችን ዝም ብላ ተቀምጣ ነበር። የምትፈለገው አንዲት ተጨማሪ ጥያቄ ነበረች፤ ያቺን ለመጠየቅ ደግሞ የእንስራ ጆሮ እንኳ ይበቃ ነበር።

የደብረ ብርሃኑ በር ተከፈተና ልጄ ፊቷ ቀልቶ ወጣች። «ምን ቻልሽ?» ልላት ምላሴ ጫፍ ላይ ደርሶ ነበር፤ ዋጥኩትና ዝቅ ብዬ፣ «ምን ሰማሽ?» አልኳት።

እጄን ያዘች።

«አንተን» አለች። «በበሩ በኩል፣ ሰዎቹን ስታስቃቸው። ሌላውን በደንብ አልሰማሁትም።»