አንድ ተብለው የተጻፉት መንትዮች

ይህ የደረሰብን በሰሜኑ ጦርነት ጊዜ ነው። መርሳ ውስጥ መካኒክ ነኝ። ዛሬም ጋሽ ይመር በጋራዤ ደጃፍ ባለፉ ቁጥር ደሜ ይፈላል።

እህቴ ጥሩዬ ሆዳቸው የተጣበቀ መንታ ሴቶች ወለደች፤ ውጊያው ገና መርሳ አልደረሰም ነበር። አራስ ጠያቂው ሁሉ ሐኪም ሆነ። ከሁሉ የባስኩት እኔ ነበርኩ። «ቆዳ እኮ ነው፤ ቆርጦ መስፋት ነው!» እያልኩ ሰፈሩን ዞርኩ።

ወልድያ ስንወስዳቸው ሐኪሙ አሳፈረኝ። ጨጓራቸው የየራሳቸው ነው፤ ጉበታቸው ግን ተያይዟል፣ የደም ሥሮቻቸውም ተጠላልፈዋል። «አሁን ብንነካቸው ደም ፈስሷቸው እናጣቸዋለን። መጀመሪያ ክብደት ይጨምሩ፤ ከዚያ አዲስ አበባ ይለያዩዋቸዋል» አለን።

ወዲያው ጦርነቱ መጣና መንገዱ ተዘጋ። ሲከፈት ቤታችን እህል የለም፣ የጥሩዬም ጡት ነጥፏል። ጤና ጣቢያው ሚዛኑ ሳይቀር ተዘርፎ ስለነበር ሕፃናቱን የምንመዝነው በእህል ነጋዴ ሚዛን ነበር። ሚዛኑ ንቅንቅ አልል አለ።

እርዳታ መጣ ሲባል ሮጥኩ። የቀበሌያችን እርዳታ ኮሚቴ ሰብሳቢ ጋሽ ይመር ናቸው። መንትዮቹን አንድ ሰው ብለው ጽፈዋቸው አገኘሁ።

«ጋሼ፣ ሁለት እኮ ናቸው» አልኳቸው።

«ራሳቸው ሁለት ነው፤ ሆዳቸው ግን አንድ። የሚበላው ደግሞ ሆድ ነው።»

«በሰማንያ ቀናቸው ሲጠመቁ ቄሱ ሐናና ጽጌ ብለው ሁለት ስም አውጥተውላቸዋል። አንቱም እዚያው ቆመው ነበር!»

«እሱ የቤተ ክርስቲያን ጉዳይ ነው። ሲለያዩ አምጣቸው፤ ያኔ ሁለት እጽፋለሁ።»

እንግዲህ ሐኪሙ ካልወፈሩ አልለያያቸውም ይላል፤ ጋሽ ይመር ደግሞ ካልተለያዩ አላወፍራቸውም ይላሉ። እኔና ባለቤቴ ከድርሻችን እየቀነስን ለጥሩዬ ሰጠናት። ወራት ቢፈጅም ሚዛኑ ተነሣ። ሐና ጠና አለች። ጽጌ ግን እንደ እህቷ አልበረታችም።

አዲስ አበባ ቀዶ ሕክምናው ከጠዋት እስከ ማታ ፈጀ። ጉበቱን ሲከፍሉት ብዙ ደም ፈሰሰ። ሐና ተረፈች። ጽጌ በሦስተኛው ቀን አረፈች። ሆስፒታሉ ኮሪደር ላይ ተቀምጬ እንደ ሕፃን አለቀስኩ።

መርሳ እንደተመለስን ጋሽ ይመር ለቅሶ መጡ። «ነፍስ ይማር» አሉ፣ ንፍሮ ቀመሱ፣ ከዚያ ከኮታቸው ኪስ መዝገባቸውን አወጡ።

«ያው እንግዲህ፣ ሟቿን ልሰርዛት ነው» አሉ።

ሐናን ከእናቷ ጭን አንሥቼ ፊታቸው አቆምኳት። «የጻፉት አንድ ልጅ ነው። እሱን ከሰረዙት ይህቺ ማን ናት?»

መዝገባቸውን አጥፈው ኮታቸው ኪስ መለሱት።

ሐና ዛሬ ትሮጣለች። ጋሽ ይመር ሲያገኟት ጉንጯን ሳም አድርገው ከረሜላ ይሰጧታል። ሁለት እንደነበሩ ያመኑት አንዷን ሊሰርዙ ሲመጡ ነው። ይቅር በላቸው ይሉኛል፤ እስካሁን አልቻልኩም።