ከገመዱ ውጭ

ልጄ አሥራ አራት ዓመት እንደሞላት በካርኒቫል ሰልፍ ካልጨፈርኩ አለች። ያኔ ኦክላንድ ስንኖር ከእኛ በላይ ያለው ፎቅ ላይ ከትሪኒዳድ የመጣች ሴት ነበረች። የእሷ ልጅና የእኔ ልጅ አይነጣጠሉም። ሴትዮዋ በየዓመቱ የሰፈሩን ልጃገረዶች ሰብስባ ላባና ጨሌ ታለብስና ዳውንታውን ይዛቸው ትወጣለች።

እኔ ደግሞ ልጅ ሰው መሀል ይጠፋል ብዬ የምፈራ ሰው ነኝ። ሞባይል እንኳ ገና ስላልገዛሁላት ብትጠፋ የምደውልበት የለኝም። ልብሱን ሳየው ደነገጥኩና ከውስጥ የሚለበስ ጨርቅ ሰፋሁበት፤ እሱን ሳታጉረመርም ተቀበለች። አጠገብሽ እሄዳለሁ ስላት ግን ዓይኗ እንባ ሞላ።

"ማም፣ ፕሊስ ዶንት" አለችኝ።

ጎረቤቴ ይህን ስትሰማ ሳቀች። ለካ ጨፋሪዎቹን ዙሪያውን የሚከብብ ረጅም ገመድ አለ፤ ሰዎች ይዘውት አብረው ይራመዳሉ፣ የሰልፉን ልብስ ያልለበሰ ወደ ውስጥ አይገባም። አንድ ያዥ ጎድሎኛል፣ ከውጭ ሆነሽ ታያታለሽ፣ ግን ገመዱን ከለቀቅሽ ሕዝቡ ልጆቹ ላይ ይገባል ብላ አስጠነቀቀችኝ። እኔም ልጄም ተስማማን።

ቀኑ እሑድ ስለነበር ከቤተ ክርስቲያን ቀጥታ መጣሁ። ነጠላዬን አደግድጌ ገመዴን ያዝኩ። ከፊት ያለው የጭነት መኪና ሙዚቃ ደረቴን ይደልቀዋል። አንድ ቢራ የያዘ ጎልማሳ ከገመዱ ሥር ሊሾልክ ሲል በአማርኛ ተቆጣሁት፤ ይቅርታ ጠይቆኝ ሄደ።

መንገድ ዳር የቤተ ክርስቲያናችን አንዲት ኤርትራዊት አሮጊት ወንበር ዘርግተው ተቀምጠዋል።

"አንቺ ልጅ፣ ከቅዳሴ ወጥተሽ ከብት መንዳት ጀመርሽ?"

"ጥጃዬ ውስጥ ናት፣ እማማ። እንዳትጠፋብኝ ነው።"

"እሷስ ትታያለች። እግርሽን ተቆጣጠሪ፣ እየጨፈረ ነው።"

እውነታቸውን ነበር። አፍሬ እግሬን ላስተካክል ስል የልጄ የራስ ላባ ተንሸራቶ ዓይኗን ሸፈናት። ባለችበት ቆመች። ከኋላዋ ያሉት እየዘለሉ ይመጣሉ። ሮጬ ልገባ እጄ ገመዱን ላላ አደረገው፤ ወዲያው ከጀርባዬ ያለው ሕዝብ ገፋኝ። ከገመዱ ውስጥ የሌሎች እናቶች ልጆችም አሉ። መልሼ ጨበጥኩት። ልጠራት ብጮህ ድምፄን ሙዚቃው ዋጠው።

የጎረቤቴ ልጅ እጆቿን ዘርግታ ከኋላ የሚመጡትን አቆመችላት። ልጄ ላባውን ከራሷ ነቀለች፣ ፀጉሯን በእጇ አበጠረች፣ ዙሪያዋን ቃኝታ እኔን አገኘችኝ። እንባ የለም። እንደውም እየጨፈረች መጥታ ላባውን በገመዱ ላይ አቀበለችኝ።

"ማም፣ ሆልድ ዚስ" አለችና ተመልሳ ገባች።

በአንድ እጄ ገመድ፣ በአንድ እጄ ላባ ይዤ እስከ ሰልፉ መጨረሻ ተራመድኩ። እግሬን የተቆጣጠርኩት ግን አይመስለኝም።