የወንዝ ዳሯ በጎ ፈቃደኛ

በተሰደድኩበት ከተማ፣ አል-ማንሺያ በሚሉት ሰፈር፣ ጥቁር አባይ ዳር፣ ሰዎች ድንኳን ተክለው የሚያድሩበት አንድ የአትክልት ስፍራ ነበር። ባለቤቱ ጡረታ የወጣ ሹም ነው፤ ከሹመቱ የተረፈው እኔን ማዘዝ ብቻ ነበር።

"ማደሪያ በነጻ እሰጥሻለሁ፤ አንቺ እንግዶቹን ትቀበያለሽ። ደሞዝ የለውም፣ በጎ ፈቃደኛ ነሽ" አለኝ፤ ትልቅ ማዕረግ የሰጠኝ ይመስል።

የሰጠኝ ቦታ ሽንት ቤቱ አጠገብ ነው፤ ድንኳኑም የተቀደደ። ግን እዚያው ከተማ ሪያድ በሚሉት ሰፈር ሁለት ዓመት ሰው ቤት ከሠራሁ በኋላ፣ ራሴ ከፍቼ ራሴ የምዘጋው መግቢያ ማግኘቴ በቂ ነበርና ተስማማሁ።

እንግዶቹ የሚመጡት ንጹህ አየር ፍለጋ ነው ይላሉ። ከዚያ ጄነሬተራቸውን አስነሥተው ጭሱን ሲስቡ ይውላሉ። አጥንት ሣሩ ላይ እየወረወሩ፣ "እዚህ ዝንብ በዛ" ብለው እኔን ይቆጣሉ።

አንድ ዓርብ የቀድሞ አሠሪዬ መጣች። አዲሷ ሠራተኛዋ፣ እንደኔው የወሎ ልጅ፣ ፍራሽ ተሸክማ ትከተላታለች። ማዳም ከእግር እስከ ራስ አየችኝና ሳቀች።

"እዚህ ነው የወደቅሽው? ያላ፣ ሻይ አፍዪ።"

"እዚህ ሥራዬ ቦታ ማሳየት ነው፣ ማዳም፤ ሻይ አላፈላም።"

ከዛፎቹ ሥር አሳየኋት። እሷ ግን አሸዋው ላይ፣ ውሃው አፍ ላይ ካልሆነ አለች።

"አሸዋ ካስማ አይዝም። ንፋስ ከመጣ ይነቅለዋል።"

"ወለሌን ስትወለውዪ የኖርሽ ሴት ስለ ንፋስ ልታስተምሪኝ?"

ድንኳናቸውን እዚያው አሸዋው ላይ ተከሉት።

ከሰዓት በኋላ ሰማዩ ቡናማ ሆነና ሃቡብ የሚሉት አውሎ ንፋስ መጣ፤ አቧራው እንደ ግድግዳ ቆሞ ሲሄድ ይታያል። ድንኳኑ ከነካስማው ተነሣ። ማዳም መኪናዋ ውስጥ ገብታ መስኮቱን ዘጋች። ልጅቷ ግን የሸራውን ጫፍ ሙጥኝ ብላ ወደ ወንዙ ተጎተተች። ሮጬ ወገቧን ያዝኩ።

"ልቀቂው፣ እህቴ!"

"ማዳም ትቆጣኛለች!"

ውሃው ጉልበታችን ደርሷል። ጣቶቿን አንድ በአንድ ፈልቅቄ አስለቀቅኳት። ድንኳኑ እየተንሳፈፈ ወደ ቱቲ ደሴት በኩል ሄደ።

አቧራው ሲረግብ ባለቤቱ መጣ። ማዳም፣ "ሆን ብላ መጥፎ ቦታ ሰጠችኝ" አለችው፤ እሱም የመኪናዋን ሞዴል አየና ወዲያው አመናት።

"ይቅርታ ጠይቂያት" አለኝ።

"ሃጅ፣ በጎ ፈቃደኛ አይደለሁም እንዴ? ፈቃዴ ዛሬ አለቀ።"

ልብሴን ለመሸከፍ አንድ ፌስታል በቃኝ። ስወጣ ልጅቷ እርጥብ ቀሚሷን ሳትቀይር ከማዳም ፍራሽ ላይ አሸዋ ታራግፋለች።

"ነይ፣ አብረን እንሂድ" አልኳት።

"ፓስፖርቴ እሷ ጋ ነው" አለች፤ ቀና ብላ እንኳን አላየችኝም።

እስከ አስፋልቱ ድረስ ልጅቷንም እየናቅኩ ሄድኩ። የኔም ፓስፖርት ሁለት ዓመት ሙሉ በዚያችው ሴት ቁም ሣጥን ውስጥ እንደነበረ ትዝ ያለኝ፣ ሪክሻ ውስጥ ከተቀመጥኩ በኋላ ነው።