ኦቶ እንዲተኛ

ከደሴ የወጣሁት ገና ጎህ ሳይቀድ፣ ታላቅ ወንድሜ ሰዒድ በሞተ በሁለተኛው ወር ነው። ሆጤ ሰፈር፣ ቤታችን በር ላይ እማ ሦስት ጋቢ ልታስይዘኝ ስትታገል፣ የሚኒባሱ ሹፌር «እናቴ፣ የምጭነው ልጁን ነው ወይስ ጥጥ?» አላት።

«ወላሂ የሚሄደው በረዶ አገር ነው፤ አንተ የምታውቀው የኮምቦልቻን ሙቀት» አለችው። በሁለት ጋቢ ተስማማን።

ጀርመን የመጣሁት አረጋውያን መንከባከብ ልማር ነው። ለመሰደድ የምታስቡ ወገኖቼ፣ ስለ ብርዱ ነግረዋችሁ ይሆናል፤ ይህን ግን ማንም አይነግራችሁም። ክፍል ያከራዩኝ ወይዘሮ ኢንግሪድ የሚባሉ ጡረተኛ ናቸው። ክፍሉ ውስጥ ቀድሞኝ የገባ ነበር፤ በመስታወት ሣጥን የሚኖር፣ እሾሃማ ጢም ያለው፣ ክንድ የሚያክል እንሽላሊት። ስሙ ኦቶ ነው። እንደ ሰፈር ሽማግሌ ዝም ብሎ ይገመግመኛል።

«ልጄ ጋ ሁለት ሳምንት እቆያለሁ» አሉኝ ወይዘሮዋ። «መብራቱን ጠዋት አብራ፣ ማታ አጥፋ። ስመለስ ታሞ ካገኘሁት ሌላ ክፍል ትፈልጋለህ።»

«እኔስ ብታመም?»

«አንተ የጤና መድን አለህ።»

ማብራቱን ቻልኩት። ማጥፋቱ አልሆነልኝም። በእኛ ቤት ታማሚ ወይም እንግዳ ያለበት ክፍል አይጨልምም። ሰዒድን ሳስታምም መብራት ሲጠፋ ኩራዝ፣ ጋዙ ሲያልቅ ስልኬን አብርቼ አድሬያለሁ። ኦቶ ደግሞ ዘሩ ከአውስትራሊያ ነው አሉ፤ እሱም እንደኔ አገሩ ሩቅ ነው። እንዳይበርደው ብዬ ቀይ አምፖል ጨመርኩለት።

በአራተኛው ቀን አልበላም አለ። ጢሙ ጠቁሮ ከሰል መሰለ። ክፍሌ ሄደ ብዬ ደንግጬ ለወይዘሮ ኢንግሪድ በቪዲዮ ደወልኩ።

«ይሄ ቀይ ነገር ምንድን ነው?»

«እንዳይበርደው ነው። ደግሞ ብቻውን በጨለማ…»

«ታዲያ ሦስት ሌሊት አልተኛም ማለት ነው። ቀዩንም ያየዋል እኮ። ሌሊት ድቅድቅ ጨለማ ይፈልጋል። ቀን መብራቱ ሥር አርባ ዲግሪ፣ ሌሊት ሃያ ይበቃዋል።»

«ቀን ኮምቦልቻ፣ ማታ ደሴ።»

«ምን አልክ?»

«ገብቶኛል።»

«ከአሥራ ስምንት በታች ከወረደ ብቻ፣ መሳቢያው ውስጥ ብርሃን የሌለው የሴራሚክ ማሞቂያ አለ። አንተስ ትተኛለህ?»

«እሞክራለሁ» ብዬ ስልኩን ዘጋሁ። ሰዒድ ከሞተ ወዲህ መብራት አጥፍቼ ተኝቼ አላውቅም፤ ሣጥኑ ደግሞ ያለው አልጋዬ ጎን ነው።

ማታ እማ ስትደውል ሁሉንም ነገርኳት።

«እንሽላሊት ነው ያልከኝ?»

«እንሽላሊት።»

«አላህ ይሁንህ ልጄ። ታዲያ አጥፋለታ።»

«እያወራሁሽ ላጥፋው ብዬ ነው።»

«እኔ የሰዒድን ክፍል መብራት እስካሁን አላጠፋሁም» አለችኝ።

«አብረን እናጥፋ?»

«የለም። አንተ አጥፋ፣ ክፍልህን እንዳትነጠቅ። እኔ ገና ነኝ።»

አጠፋሁ። ኦቶ ጨለማው ውስጥ ጫር ጫር አደረገና ጸጥ አለ።

«ተኛ?» አለች እማ በሹክሹክታ።

«መሰለኝ» አልኳት እኔም በሹክሹክታ። ስልኩን ግን ሁለታችንም አልዘጋነውም።