ጠበሉ ላይ የጠራሁት ስም

ለንስሐ አባቴ ጾም መግደፌን ነግሬያቸዋለሁ፤ ሰው ማማቴንም፣ እናቴን ማስቀየሜንም። ይቺን ግን ውጬ ነው የኖርኩት። ከአፌ ስትወጣ የምትሰሙኝ የመጀመሪያዎቹ እናንተ ናችሁ።

ደብረ ታቦር ነርሲንግ ስንማር ከጥሩወርቅ ጋር አንድ ክፍል ተከራይተን፣ ከአንድ ሳህን እየበላን ኖረናል። እሷ ስታጠና እኔ እተኛ ነበር። እናቷ ሸክላ እየሠሩ አንበሳሜ ገበያ እንደሚሸጡ ለእኔ ብቻ ነው የነገረችኝ። «አደራ፣ ሰው እንዳይሰማ፤ ቡዳ ይሉኛል» አለችኝ። ምን ቆርጦኝ ብዬ ማልኩላት።

የብቃት ምዘናው ውጤት ተለጠፈ። እሷ «ብቁ»፤ እኔ «ገና ብቁ ያልሆነች»። ሰሌዳው ፊት ቆሜ መሬት ተሰንጥቃ ብትውጠኝ በወደድኩ። ጥሩወርቅ የራሷን ደስታ ትታ አቅፋኝ አለቀሰች። «አይዞሽ ስንዱ፣ ድጋሚው እስኪደርስ አብሬሽ አጠናለሁ» አለች። እዚያው እቅፏ ውስጥ እንዳለሁ ጠላኋት። ለምን? ምን አደረገችኝ? ማለፏ ብቻ!

ጉና ግርጌ ወዳለው ቤታችን ሄድኩ። ወድቄያለሁ ማለት ሲያቅተኝ ተሸፋፍኜ ተኛሁ፤ እህል አልቀምስ አልኩ። እናቴ ዓይን ነው ብላ ጠበል ወሰደችኝ። ቡዳ የበላው ሰው ጠበል ሲያርፍበት የበላውን ሰው ሆኖ ይለፈልፋል ይባላል፤ ሰዉም ያን ሊሰማ ከቦ ይቆማል። ውኃው አጥንት ድረስ ይገባል። አጥማቂው «ማን ነህ? ተናገር!» አሉ። ምንም አልያዘኝም ነበር። አእምሮዬ ልክ እንደ አሁኑ ነበር። ግን ሰነፈች ከምባል ተበላች ልባል አልኩና ስሟን ጠራሁ። «ጥሩወርቅ ነኝ! የሸክላ ሠሪዋ ልጅ ነኝ! አብሬያት እየበላሁ በላኋት!» እያልኩ ጮህኩ። እናቴ እልል አለች፤ ሰው ሁሉ አማተበ። የጠራሁት እኔ ነኝ። ሰይጣን አይደለም፣ እኔ!

ድጋሚ ተፈትኜ አለፍኩ። ጠበሉ አዳናት ተባለ።

ጥሩወርቅ ደግሞ የት ብትመደብ ጥሩ ነው? እኛው አገር ጤና ጣቢያ! ወሬዬ ቀድሟት ደርሷል። እናቶች ተረኛዋ እሷ ከሆነች ልጃቸውን እንዳዘሉ ይመለሱ ነበር። ይህን እየሰማሁ ምን አልኩ? ምንም።

አንድ ክረምት ለእረፍት ቤት መጥቼ ሳለ የወንድሜ ልጅ ታመመች፤ ጡት ያልጣለች ሕፃን። ስትተነፍስ ደረቷ ወደ ውስጥ ይሰረጉዳል፣ የአፍንጫዋ ቀዳዳ ይከፈታል። የሳንባ ምች መሆኑን አውቄያለሁ። ቶሎ ኦክስጅን ካላገኘች እንደማትቆይም አውቄያለሁ፤ ተምሬዋለሁ እኮ! የወንድሜ ሚስት አዝላት ደብረ ታቦር ልንወስዳት ወጣን። መኪና የሚያዘው ከጤና ጣቢያው በር ላይ ነው። ጥሩወርቅ አይታን እየሮጠች መጣች።

«አምጫት ልያት! ኦክስጅን አለን!»

የወንድሜ ሚስት ልጂቱን በጋቢ ሸፈነቻትና ጀርባዋን ሰጠቻት።

«ስንዱ፣ አንቺ ንገሪያት እንጂ! በፈጠረሽ!»

«ዋሽቼ ነው» ብል ይበቃ ነበር። የወንድሜ ሚስት ዓይን ዓይኔን ታየኛለች። እኔ ምን አልኩ? «መኪናው ሳያመልጠን እንሂድ» አልኩ። ልጂቱ ደብረ ታቦር ሳንደርስ እናቷ እቅፍ ውስጥ አረፈች።

ጥሩወርቅ አገሩን ለቃ ሄደች፤ የት እንዳለች አላውቅም። እኔ ነርስ ነኝ። እናቶች ልጆቻቸውን ሳያመነቱ ይሰጡኛል፣ እኔም ምንም እንዳልተፈጠረ እቀበላለሁ። ልጅ ነበርኩ አልልም፤ ፈርቼ ነው አልልም። ይቅርታ እንዳልጠይቅስ ማንን ልጠይቅ? ሕፃኗን?

የወንድሜ ሚስት ዛሬም የልጇ ነገር ሲነሳ ታለቅሳለች። «ያን ዕለት ሮጣ ወጥታ አየቻታ! እዚያው በሩ ላይ በላችብኝ» ትላለች። አጠገቧ ቁጭ ብዬ እንባዋን እጠርግላታለሁ። «ይህን ያደረገችብኝን አንድዬ ይፍረድባት» ስትል፣ «አሜን» እላለሁ።